ከሙአዚኑ አፍ እስከ ልጃችን ጆሮ



በሱብሂ ሰዓት የሚሰማን አዛን ከሰፈራችን መስጂድ የሚመጣው ብቻ እንዳልሆነ ልብ ብላችሁ ይሆናል። ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው ጀርባ፣ ቀን ቀን መኖሩንም ከምንዘነጋው መስጂድ የሚነሳው ጥሪ ሳይቀር ቃል በቃል ጥርት ብሎ ይደርሰናል። ያው ሙአዚን በዚያው ድምፅ ማጉያ የዙህርን ሶላት ሲጠራ ግን ድምፁ ብዙ ሳይርቅ ይጠፋል። አብዛኞቻችን ለዚህ የምንሰጠው ምክንያት የንጋቱን ጸጥታ ነው። ምክንያቱ ትክክል ነው፤ ሙሉ ግን አይደለም። የቀረውን ለማግኘት ድምፅ ምን እንደሆነና በምን ላይ ተጭኖ እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል።

ርዕሱን ያነሳነው ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። በየመድረሳውና በየትምህርት ቤቱ «ሰነፍ»፣ «ልቡ የማይገኝ»፣ «ሲጠሩት የማይሰማ ባለጌ» እየተባሉ የሚገሠጹ፣ ከዚያም አልፎ የሚገረፉ፣ ጥፋታቸው ግን የኡስታዙ ድምፅ ተሟልቶ ያልደረሳቸው መሆኑ ብቻ የሆነ ልጆች አሉ። ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ጆሮ እስኪገባ በብዙ እጅ የሚያልፍ አደራ ነው። አደራው የት ላይ ሊቋረጥ እንደሚችል የሚያውቅ ወላጅ፣ ልጁን ከመቅጣቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል።

የሚጓዘው ግፊቱ ነው

የጁምዓ ሶላት አብቅቶ ሕዝቡ በአንድ ጠባብ በር ሲወጣ አስቡት። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቋል። ከኋላ ያለ አንድ ቸኳይ የፊተኛውን ገፋ ያደርገዋል። የተገፋው ሰው ወደ ፊት ዘመም ብሎ ከፊቱ ያለውን ይነካና ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያም እንዲሁ ቀጣዩን። ከአፍታ በኋላ በሩ አጠገብ የቆመው ሰው ጀርባው ላይ ግፊት ይሰማዋል፤ ዞር ቢል ግን መጀመሪያ የገፋውን ሰው አያገኘውም፤ እሱ አሁንም መጨረሻው ላይ ነው። ከኋላ ወደ ፊት የተጓዘ ሰው የለም። የተጓዘው ግፊቱ ብቻ ነው።

ድምፅም በአየር ውስጥ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ሙአዚኑ አፉን ሲከፍት ከሳንባው የሚወጣው ትንፋሽ በማንቁርቱ ውስጥ ያሉትን ሁለት የድምፅ አውታሮች ያርገበግባቸዋል። የጎልማሳ ወንድ አውታሮች ሲናገር በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ አድርገው ይርገበገባሉ፤ የሴት ወደ 200፣ የሕፃን ደግሞ ከዚያም በላይ። እያንዳንዱ እርግብግቢት አጠገቡ ያለውን አየር ይጨቁነዋል። የተጨቆነው አየር ጎረቤቱን ገፍቶ ራሱ ይላላል፤ ጎረቤቱም ሌላውን ይገፋል። ይህ የመጨቆንና የመላላት ተራ በሁሉም አቅጣጫ እየሰፋ ሲሄድ የድምፅ ሞገድ ይባላል። ከሙአዚኑ አፍ የወጣው ትንፋሽ ራሱ እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ብዙም ሳይርቅ ከአካባቢው አየር ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። በሱብሂ ጆሯችንን የሚነካው አየር ሌሊቱን ሙሉ በመኝታ ክፍላችን ያደረው አየር ነው።

በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚደረገው እርግብግቢት ብዛት ሄርዝ በሚባል መለኪያ ይለካል። ጤናማ የወጣት ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ድረስ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ወሰን እየወረደ ይመጣል።

ገፊ ኖሮ ተገፊ ጎረቤት ባይኖርስ? ሮበርት ቦይል የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1660 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን በሙከራ አሳይቷል። የሚሠራ ሰዓት በመስታወት ዕቃ ውስጥ በክር አንጠልጥሎ አየሩን በፓምፕ ሲያስወጣው የሰዓቱ ቱክቱክታ እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ሰዓቱ ግን ይታይ ነበር። ብርሃን ያለ ተሸካሚ ይጓዛል፤ ድምፅ ግን የሚያቀብለው አካል፣ የፊዚክስ መምህራን ሚድየም የሚሉት፣ ካላገኘ እርምጃ አይራመድም። ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው እንኳ በሬዲዮ የተነጋገሩት በዚህ ምክንያት ነው። በፊልም ላይ የምናየው በህዋ ውስጥ የሚያስተጋባ ፍንዳታም የፊልም ሠሪዎች ፈጠራ ነው። ፀሐይ ያለማቋረጥ የምትንተከተክ አካል ስትሆን ብርሃኗና ሙቀቷ ይደርሱናል፤ ጩኸቷ ግን በመካከላችን ባለው ባዶ ስፍራ ታግዶ ይቀራል። ሱብሃነላህ፤ ባይታገድ ኖሮ በዚህች ምድር ላይ ማን ያንቀላፋ ነበር?

የቀደሙት ሊቃውንት

በዐሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን በበስራ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ኢኽዋን አስ-ሰፋ በመባል የሚታወቁ ጸሐፊዎች ድምፅ አካላት ሲጋጩ በአየር ውስጥ የሚፈጠር ግፊት እንደሆነና መስታወት ሠሪ ነፍቶ እንደሚያሳብጠው ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እየሰፋ እንደሚሄድ ጽፈዋል። ከ980 እስከ 1037 የኖረው ኢብን ሲናም የድምፅ የቅርብ ምክንያት የአየር መናወጥ መሆኑን አስተምሯል፤ ፊደላት በማንቁርት፣ በምላስና በከንፈር እንዴት እንደሚፈጠሩም ራሱን የቻለ አጭር ድርሰት አዘጋጅቷል። ከእርሱ አስቀድሞ አል-ኸሊል ኢብን አሕመድ የተባለው የቋንቋ ሊቅ መዝገበ ቃላቱን ያደራጀው በተለመደው የፊደል ቅደም ተከተል አልነበረም። ከጉሮሮ ጥልቀት ከሚወጣው ከዐይን ጀምሮ ወደ ከንፈር እየወጣ ነበር። «ኪታቡል ዐይን» የተባለውም ለዚህ ነው።

ተጅዊድ የሚማር ደረሳ ይህን ሳያውቀው በየቀኑ ይሠራበታል። ቀልቀላ የሚባሉትን ቃፍን፣ ጣን፣ ባን፣ ጂምንና ዳልን ሱኩን ሲሆኑ ለማንበብ አየሩ ለአፍታ ተዘግቶ ድንገት ይለቀቃል፤ ያ ድንገተኛ መለቀቅ ነው ጎረቤቱን አየር የሚመታው። መኻሪጅ ስንል የምንቆጥረው ሞገዱ የሚነሳባቸውን ቦታዎች ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ ወንድሞች በየጊዜው የሚገኝን የሳይንስ ውጤት ሁሉ ከአንድ አንቀጽ ጋር ለማጣበቅ ይጣደፋሉ። እኛ ይህን አካሄድ አንመርጥም፤ የሳይንስ አስተያየት ነገ ሊለወጥ ይችላልና። ቁርአን በበርካታ ቦታዎች መስማትን ከማየት አስቀድሞ እንደሚጠቅስ ግን ሙፈሲሮች ከጥንት ጀምሮ አስተውለው ጽፈውበታል። የአላህን (ሱ.ወ) ጸጋ ለማስተዋል ይህ በቂያችን ነው።

ፍጥነቱ

ድምፅ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ባለው አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። ይህ አንድ ኪሎ ሜትር በሦስት ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በክረምት መብረቅ ሲበርቅ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰከንድ ቆጥራችሁ ለሦስት ብታካፍሉት መብረቁ ስንት ኪሎ ሜትር ርቆ እንደወደቀ ታገኛላችሁ። ቆጠራው ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ልጆች ከሜዳ ወደ ቤት ይግቡ፤ ዛፍ ሥር መጠለልም አይገባም።

ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን በትልቅ ጀመዓ የኢማሙ ተክቢር 170 ሜትር ወደ ኋላ ላለው ሰፍ የሚደርሰው ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ነበር፤ ያውም ጉልበት ከተረፈው። ሞገዱ ሲሰፋ ያው ጉልበት በበለጠ ስፋት ላይ ይበተናልና ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ሙበሊግ ከመሀል ሆኖ ተክቢሩን የሚደግመው ለዚህ ነው።

ይሁንና ጉልበቱ ብርቱ ከሆነ ድምፅ አህጉር ያቋርጣል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1883 በኢንዶኔዥያ የክራካታው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ በህንድ ውቅያኖስ ላይ 4,800 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በሮድሪግስ ደሴት የነበሩ ሰዎች ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ሰምተውታል። ከመርከብ የሚተኮስ መድፍ መስሏቸው ነበር።

ብዙ ሰው ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ስለሚል ድምፅም ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው ግን መሳሳቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። አየሩ አንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ፍጥነቱ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይጨምራል። በአዲስ አበባ በ10 ዲግሪ ማለዳ ድምፅ በሰከንድ 337 ሜትር ሲሄድ፣ በአፋር ሰመራ በ40 ዲግሪ ቀትር 355 ሜትር ይሄዳል።

ይህች ትንሽ ልዩነት ናት የሱብሂን አዛን ከሩቅ የምታመጣልን። ቀን ፀሐይ መሬቱን ታግላለች፤ መሬቱም አጠገቡ ያለውን አየር ያሞቃል፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ የሞገዱ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ይፈጥናል። አንድ ሰፍ ተማሪዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲራመዱ በአንድ ጫፍ ያሉት ቢፈጥኑ ሰፉ በሙሉ ወደ ዘገዩት በኩል እንደሚዞር ሁሉ፣ ሞገዱም ወደ ላይ ይጠመዘዝና በራሳችን ላይ አልፎ ይሄዳል። ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ሲያጣ ነገሩ ይገለበጣል። ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቅ ያለው ከላይ ነው። ሞገዱ ወደ ምድር ይጎነበሳል፤ ወደ ሰማይ ሊያመልጥ የነበረው የሙአዚኑ ድምፅ ተመልሶ በጣሪያችን ላይ ይወርዳል። ሸለቆ ውስጥ ባሉ ከተሞችና በሐይቅ ዳር ይህ ይበልጥ ይጎላል። ነፋስም እንዲሁ ሞገዱን ይጠመዝዛል፤ ነፋሱ ከመስጂዱ ወደ እኛ ሲነፍስ እንሰማለን፣ ሲገለበጥ እናጣለን።

የአገራችን ሰው ይህን ሲያነብ ቢላልን (ረ.ዐ) ማስታወሱ አይቀርም። እናቱ ሐማማ ሐበሻ ነበሩ። አዛን በመዲና ሲደነገግ ቃላቱን በሕልሙ ያየው ሌላ ሰሓባ ቢሆንም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሪውን ለቢላል እንዲያስተምረው ያዘዙት የቢላል ድምፅ የተሻለ ስለነበረ ነው። ያኔ ሚናራ አልነበረም። ቢላል የሱብሂን አዛን ይጠራ የነበረው በመስጂዱ አካባቢ ካሉት ቤቶች ከፍ ባለው፣ የአንዲት የበኒ ነጃር ሴት በነበረው ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቶ እንደሆነ ተዘግቧል። ግድግዳው ሞገዱን ይመልሰዋል፣ አፈሩም ይውጠዋልና ከፍ ማለቱ ከሁለቱም ያድነዋል። እ.ኤ.አ. በ630 መካ በተከፈተችበት ቀን በካዕባ ላይ ወጥቶ ሲጠራም ድምፁ ያለ አንዳች መሣሪያ ወደ ሸለቆው ወርዷል። አዛን ሲያደርግ ጣቶቹን በጆሮዎቹ ያስገባ እንደነበርም በሐዲስ ተላልፏል። ዑለማዎች ይህ ድምፅን ከፍ ለማድረግ እንደሚረዳ ጽፈዋል። ጣታችሁን ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ ብትናገሩ ድምፃችሁ ከውስጥ ሲያስገመግም ትሰማላችሁ፤ ያኔ የሚሰማችሁ በአየር በኩል የመጣው ሳይሆን በራስ ቅላችሁ አጥንት በኩል የደረሰው ነው። የራሳችን ድምፅ በስልክ ተቀድቶ ስንሰማው «ይሄ የእኔ ነው?» የምንለውም መቅጃው የአየሩን እንጂ የአጥንቱን ድምፅ ስለማያገኝ ነው።

ውሃና ብረት

አጥንት ድምፅ ካስተላለፈ ሌላውም ጠጣር ነገር ያስተላልፋል። ልጆች ሁለት ባዶ ጣሳ ቀድደው በተወጠረ ክር አያይዘው የሚጫወቱት «ስልክ» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ክሩ ከላላ ግን ጨዋታው ይቆማል። ጎረቤት ጎረቤቱን አጥብቆ ሲይዝ ግፊቱ ቶሎ ይተላለፋል። በብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ ከ5,000 ሜትር በላይ የሚሄደው ብረት ከባድ ስለሆነ ሳይሆን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ጥብቅ ሆነው ስለተያያዙ ነው።

የውሃውን እ.ኤ.አ. በ1826 ኮላዶንና ስቱርም የተባሉ ሁለት ሰዎች በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ለክተውታል። በአንደኛው ጀልባ ከውሃ በታች ደወል ሲመታ በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይቀጣጠላል። 13 ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሌላው ጀልባ የተቀመጠው ሰው ብልጭታውን አይቶ፣ ውሃ ውስጥ በነከረው ረጅም ቀንደ መለከት መሰል ቧንቧ ደወሉን እስኪሰማ ይቆጥራል። ያገኙት ውጤት 8 ዲግሪ በሆነ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,435 ሜትር ነበር፤ ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ ከሚለካው እምብዛም አይርቅም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን የሚያደርሰን ነገር ይኸው። ድምፅ በአየርም በውሃም ይጓዛል፤ ከአየር ወደ ውሃ መሻገር ግን እጅግ ይከብደዋል። በአየር ላይ የመጣ ድምፅ የውሃን ገጽ ሲመታ ከሺህ እጅ አንዱ ብቻ ነው የሚገባው፤ የቀረው ተመልሶ ይነጥራል። ዋናተኛ ከውሃ በታች ሳለ ከዳር ሆነው ሲጠሩት የማይሰማው በዚህ የተነሳ ነው።

የጆሮ ችግርና መፍትሔው

የምንሰማበት ቀንድ አውጣ መሰል የውስጥ ጆሮ ደግሞ በፈሳሽ የተሞላ ነው! የሰው ድምፅ በአየር መጥቶ ወደ ፈሳሽ መግባት አለበት። በመካከል ምንም ባይኖር ኖሮ ሁላችንም እንደዚያ ዋናተኛ በሆንን።

አላህ (ሱ.ወ) በመካከል ያደረገው ታምቡርና ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችን ነው። ሞገዱ ታምቡሩን ይገፋል፤ ታምቡሩ መዶሻ የሚመስለውን አጥንት፣ ያ ሰንዳን የሚመስለውን፣ እሱም እርካብ የሚመስለውን ይገፋል። እርካቧ ከሰውነታችን አጥንቶች ሁሉ ትንሿ ስትሆን ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የታምቡሩ ስፋት እርካቧ ከምታርፍባት መስኮት ስፋት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በሰፊው ላይ ያረፈው ግፊት በጠባቡ ላይ ይጠራቀማል፤ አጥንቶቹም እንደ ምሳር ያግዙታል። በዚህ ሁሉ ግፊቱ ከ20 ጊዜ በላይ አይሎ ወደ ፈሳሹ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ የሚይዙት ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት ናቸው። በአንድ ጆሮ ውስጥ 15,000 ያህል ሲሆኑ ንዝረቱን ወደ ነርቭ መልእክት ይለውጡታል። አንዴ ከሞቱ ተተኪ የላቸውም። አንድ ሕፃን ይዟቸው የተወለዳቸው ሕዋሳት ለዕድሜ ልኩ የተሰጡት ናቸው።

ጆሮ ሥራ የሚጀምረው ከመወለድ በፊት ነው። ጽንሱ ከስድስተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ለድምፅ ምላሽ መስጠት ይጀምራል፤ ከሁሉ የሚቀርበውም በሰውነቷና በፈሳሹ በኩል የሚደርሰው የእናቱ ድምፅ ነው። ዴካስፐርና ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት፣ ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናት ጡት መሰል መጥቢያ እየጠቡ የሚሰሙትን ድምፅ መምረጥ ሲችሉ ከሌላ ሴት ድምፅ ይልቅ የእናታቸውን መርጠዋል። በብዙ ቤተሰባችን ዘንድ አዲስ ለተወለደ ልጅ በጆሮው አዛን ይባልለታል። ያ ጆሮ ከሦስት ወር በላይ ሲያዳምጥ የቆየ ነውና ለስለስ ባለ ድምፅ መጥራት ይበቃል።

ይህን ስንጽፍ የመስጂዶቻችን ድምፅ ማጉያ ነገር ይቆረቁረናል። ግድግዳው ባዶ፣ ጣሪያው ጉልላት በሆነ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ይቆያል፤ ያለፈው ቃል ሳይሞት አዲሱ ይደርስበታል። ኹጥባው አልሰማ ሲል የሚደረገው ማጉያውን መጨመር ነው። ሲጨመር ግን ማስተጋባቱም አብሮ ይጨምራል፤ ምንም አልተሻሻለም፣ ጩኸት ብቻ በዛ። ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ድምፅ ይውጣሉ። ሁለት ትላልቅ ማጉያዎችን ከፊት ከማስጮህ ይልቅ ትንንሾቹን በየቦታው ዝቅ አድርጎ ማሰራጨት ቃሉን ያጠራዋል። ሕፃን ልጅም ከማጉያው ሥር አይቁም።

የጆሮ ማዳመጫም ሌላው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን አስቀምጧል፤ 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤል ግን በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ብቻ። በዴሲቤል መለኪያ 10 ሲጨመር የድምፁ ኃይል ዐሥር እጥፍ ይሆናልና ነው። አንዳንድ ወጣቶች «የምሰማው ነሺዳ ነው» ይላሉ። እነዚያ ሕዋሳት ነሺዳን ከዘፈን አይለዩም፤ የሚጎዳቸው ጉልበቱ ነው።

የማይሰማው ልጅ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ዘገባ ከሕፃናት የመስማት ችግር 60 በመቶው ሊከላከሉት የሚቻል መሆኑን ገልጿል። አብዛኛው የሚደርሰው ከታምቡሩ በስተጀርባ ነው። ጉንፋን ተደጋግሞ ሲይዝ አየር ይኖርበት የነበረው ክፍል ፈሳሽ ይቋጥራል፤ አጥንቶቹ እንደ ልብ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል፤ አንዳንዴም ታምቡሩ ተቀድዶ ጆሮው ይመግላል። ልጁ ጨርሶ አልደነቆረም፤ ዓለምን ግድግዳ ላይ ጆሮውን ለጥፎ እንደሚሰማ ሰው ይሰማታል። የሚመግል ጆሮ ውስጥ ዘይት፣ ወተት፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም የክብሪት እንጨት ማስገባት ጉዳቱን ያብሰዋል። ጆሮው በንጹሕ ጨርቅ ከውጭ ይደረቅና ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ማጅራት ገትር ይዞት የዳነ ልጅ ደግሞ ምንም ባይመስለውም ሳይውል ሳያድር መስማቱ ይታይለት፤ በሽታው የውስጥ ጆሮን ሊያጠፋ ይችላል።

እናት ልጇ ቴሌቪዥኑን ከሌላው ይበልጥ ሲያስጮህ፣ አንዱን ጆሮ ወደ ተናጋሪው ሲያዞር፣ ከኋላው ሲጠሩት ዝም ሲል ልብ ትላለች። ኡስታዙ ግን እናት የማታየውን ሊያይ ይችላል። ሲን፣ ሷድ፣ ሺንና ፋ የሚባሉት ፊደላት ድምፃቸው ደካማና ቀጭን ነው፤ ጉልበታቸው ያለው በብዙ ሺህ ሄርዝ ላይ ነው። በከባድ ጩኸት የተጎዳ ጆሮ በመጀመሪያ የሚያጣውም በ4,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን ነው። ሊፍዘት ያከብድ የነበረ ሳይሆን እነዚህን ፊደላት እየለየ ሲያነብ ቆይቶ አሁን የሚያቀላቅል ደረሳ ካለ፣ ኡስታዙ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ አንድ ጊዜ፣ ከጀርባው ቆሞ ሌላ ጊዜ በተመሳሳይ ድምፅ ያንብብለት። ከንፈር እያየ በትክክል ደግሞ፣ ሳያይ ከሳተ፣ ልጁ እስካሁን ሲማር የኖረው በዓይኑ ነው። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከፊት፣ ከመስኮትና ከመንገድ ጩኸት ርቆ ይቀመጥ።

ገና ላልተናገረ ጨቅላም መመርመሪያ አለ። ዴቪድ ኬምፕ እ.ኤ.አ. በ1978 ጤናማ ጆሮ ድምፅ ሲደርሰው ራሱ መልሶ እጅግ ደካማ ድምፅ እንደሚያወጣ ደርሶበታል። በዚህ ላይ የተመሠረተው መሣሪያ በተኛ ሕፃን ጆሮ ውስጥ ትንሽ መሰኪያ አድርጎ ያንን ምላሽ ያዳምጣል። መስማት የተሳነው ልጅ ቶሎ ከታወቀ፣ በመስሚያ መሣሪያም ሆነ በምልክት ቋንቋ፣ ቋንቋውን በዕድሜው ይጀምራል።

ከፍ ላለ ልጅ ሐኪሙ ሁለት ጣት ያላት የብረት ሹካ ይዞ ሲቀርብ ወላጆች ግራ ይጋባሉ። ሹካዋ ስትመታ በሰከንድ 512 ጊዜ ትርገበገባለች። ሐኪሙ መጀመሪያ እግሯን ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ያስቀምጣታል፤ ልጁ «አሁን ጠፋ» ሲል ወዲያው አንስቶ ከጆሮው ፊት ለፊት ይይዛታል። ጤናማ ጆሮ እንደገና ይሰማታል፤ የአየሩ መንገድ ከአጥንቱ ይበልጣልና። ልጁ በአጥንቱ ሰምቶ በአየሩ ካጣት ግን ተሰናክሎ ያለው ቀዳዳው፣ ታምቡሩ ወይም ሦስቱ አጥንቶች ናቸው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በመድኃኒት ወይም በቀዶ ሕክምና ይስተካከላሉ። ምርመራው ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፤ ልጁንም አያሳምመውም።